በላዔ ሰብን ፈገግ አታሰኙብን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ ነኝ። ቋሚ ስል ግን በየሳምንቱ እገዛለሁ ማለቴ አይደለም። አጠገቤ ያለው ቡና ቤት ይገዛል፤ ደንበኞቹ አንብበውት ሲያበቁ እኔ እወስደዋለሁ። ሥራዬ ፍሬም መሥራት ነው። መስታወት የምጠቀልለው በጋዜጣ ስለሆነ ደብዳቤዎቻችሁን ብዙ ጊዜ የማነበው ዘግይቼ፣ አንዳንዴም ግማሹን ቆርጬ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ሰሞኑንም መስታወት ልጠቀልል ስል የአንዲት እናት ደብዳቤ እጄ ላይ ቀረ። ሴትየዋ ልጃቸውን ይዘው አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄደው ነበር። ልጅየው ግድግዳው ላይ ባየው ሥዕል ደንግጦ ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ። እናቱ መፍትሔም አላቸው። እነዚህ አስፈሪ ሥዕሎች ዘመኑን በሚመጥኑ፣ ፊታቸው በለሰለሰ ሥዕሎች ይተኩ ይላሉ።

እህቴ፣ ልጅዎን ያሳድግልዎ። ስለ ቅዠቱ አዝናለሁ። በመፍትሔው ግን አልስማማም። ለዚህ ነው መስታወቱን አስቀምጬ እስክሪብቶ ያነሳሁት።

የቤተ ክህነት ሰው አይደለሁም። ሠዓሊም አይደለሁም። ላለፉት 31 ዓመታት የሰው ሥዕል ዙሪያ እንጨት ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን በሥዕል መፍራትን በደንብ አውቀዋለሁ። ትውልዴ ዘጌ ነው።

ዘጌን ለማያውቅ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባት፣ ጣና ውስጥ ገባ ያለች መሬት ናት። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። ሰው የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ጫካው ውስጥ ገዳማት አሉ፤ ከነሱ አንዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ክብ ጎጆ ይመስላል። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰው ነው። ሰው፣ ፈረስ፣ ሰይፍ፣ ክንፍ። ባዶ ቦታ የለም።

ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነበር። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አስይዛኝ ገባን። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ዓይኔ አንዱ ላይ አረፈ። ሰውየው የሰው አካል ይዟል። እንደ በቆሎ እሸት ነው የያዘው። ይበላል።

ጮህኩ መሰለኝ። እናቴ አፌን ያዘችኝ። ከዚያ እዚያው ቆማ በሹክሹክታ ታሪኩን ነገረችኝ። ይሄ በላዔ ሰብ ነው። መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን እንግዳ መስሎ መጥቶ ልጁን አሳረደው፤ አስቀመሰው። ከዚያ ወዲህ አእምሮው ተወሰደ። 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቁስለኛ ድሃ አገኘ። ድሃው ውሃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ። በጻድቃን ስም ቢለምነው እምቢ አለ። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ጥርኝ ብቻ። ሰውየው ሲሞት ነፍሱ ሚዛን ላይ ወጣች። በአንድ ወገን 78 ሰው፣ በሌላው ወገን እፍኝ የማትሞላ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ውሃው ላይ ጣለችበት፤ ሚዛኑ አጋደለ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ሲያኝክ እንኳ እሰማ ነበር፤ ሽምብራ ነበር የሚበላው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ለማኝ ሳይ ውሃ ይዤ እሮጥ ነበር። ዳቦ የቸገረውን ሁሉ ውሃ አጠጣሁት። አንድ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «አንተ ልጅ፣ ከሐይቁ ዳር ተቀምጬ በውሃ ልትገድለኝ ነው?» ብለውኛል።

እንግዲህ እህቴ፣ ያንን ሰውዬ ለልጅ እንዲመች ብለን ካሮት ብናስይዘው፣ ፊቱንም ፈገግ ብናሰኘው፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ላይ ወጥታ ምን ልታነሳ ነው?

ስለ ዓይን ላንሳ። ሱቄ የሚገባው ሰው ሁሉ የሚያማርረው በዓይን ነው። «የትም ብቆም ያየኛል» ይላል። ምትሐት የለውም። ሰው በአካል ቆሞ ሲያይህ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ካልክ ጉንጩን ታያለህ፣ ጆሮውን ታያለህ፤ ዓይኑም ያልፍሃል። ሥዕል ግን ጠፍጣፋ ነው። ሠዓሊው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ብሌኑን መሀል ላይ ካስቀመጠው፣ በግራ ብትሄድም በቀኝ ብትሄድም ጉንጩ አይመጣልህም። ስለዚህ ያው ዓይን ያው አንተ ላይ ነው። የእኛ ሠዓሊዎች ደግሞ ዓይኑን ትልቅ አድርገው፣ ዙሪያውን በጥቁር ከበው ነው የሚሥሉት። ይህንን ለደንበኞቼ እያዟዟርኩ አሳያቸዋለሁ። ገብቷቸው ይስቃሉ። ከዚያ «ቢሆንም ከመኝታ ቤት አልሰቅለውም» ይላሉ።

ሌላም ሕግ አለ፤ እናቴ ያስተማረችኝ። ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው አንድ ዓይን ነው ያለው። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሕፃናቱን የሚያርዱት የሄሮድስ ወታደሮች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ጻድቃንና ሰማዕታት ግን ሰይፍ አንገታቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ በሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ያያሉ። ሕጉ ከቤተ ክርስቲያንም ወጥቷል። የዓድዋ ጦርነት ሥዕል እቤቱ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ልብ ብሎ ይየው። በቀኝና በግራ መድፍ፣ ከላይ በነጭ ፈረስ ቅዱስ ጊዮርጊስ። የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹ በጎን። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሥዕል አምጥቶ ይህንን ስነግረው ቁጭ ብሎ ዓይን ቆጠረ። አንድ ጣሊያን ሁለት ዓይን ተሥሎ አገኘና «ይሄ ማርኩኝ ብሎ ነው» አለ።

እና አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ለብዙ ዓመት ልጅን የሚያስፈራው ሰይጣኑ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሰይጣኑ በጎን ስለተሣለ ወዲያ ማዶ ነው የሚያየው። ሥራ ይዟል፤ እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረኝ። የሚያዩኝ ቅዱሳኑ ናቸው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው የምለውን ያውቃል። እዚያ ግድግዳው ላይ እሳት የከበበው ሰይጣን አለ። ሰው ቶሎ አይቶት ያልፋል። ከዚያ ቀና ይላል። ጣሪያው በሙሉ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች ናቸው፤ ከመቶ በላይ። ሁሉም ዓይናቸው ገላጣ ነው። አንዱ ካንዱ ትንሽ ይለያል፤ አንዱ ያዘነ፣ አንዱ የተገረመ፣ አንዱ የሰለቸው ይመስላል። ባለቤቴን ይዣት ሄጄ ነበር። አንገቷ እስኪደክማት አየችና በጆሮዬ «ምን አድርጌ ነው?» አለችኝ። ምንም አላደረገችም። ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ ግን ሰው ያደረገውን ማስታወስ ይጀምራል። እኔ ስንት ነገር ትዝ እንዳለኝ ለናንተ አልጽፍም።

ያ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈ ነው። የጎንደር ሰው ንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይላል። እኔ ንቡንም አምናለሁ፤ ግን የገቡት ሰዎች ቀና ብለው ጣሪያውን አይተው ቢሆንስ ብዬም አስባለሁ።

ሌላው የሚረብሸው ነገር ጸጥታው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል በተከታታይ የተሣለበት ግድግዳ ካለ እዩት። ይገርፉታል፣ በመንኮራኩር ይፈጩታል፣ አመዱን ተራራ ላይ ይበትኑታል። ፊቱ ግን አይለወጥም። አይጮህም፣ ግንባሩን አይቋጥርም። ወፍጮ ውስጥ ሆኖ ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። ሕመሙን በፊቱ ላይ ስላላገኘነው ለራሳችን ይተርፈናል። የሚጮህ ሰው ሲሣል አዝኜ አልፋለሁ። የማይጮኸውን ግን ማለፍ አልችልም። የፊልም ደም ያላስደነገጠው ልጅ ይሄ ቢያስደነግጠው አይገርመኝም።

ዓይኑን የማያሳይም ሥዕል አለ፤ እሱም የባሰ ነው። ኩርዓተ ርእሱን ብዙ ሰው በስም ያውቃታል። የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ፣ ዓይኑን ወደ ታች ሰበር አድርጎ። አሠራሯ የአውሮፓ ነው። ነገሥታቱ ግን ጦር ሜዳ ይዘዋት ይወጡ ነበር፤ ፊቷ ቆመው ያስምሉም ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ሱዳን ውስጥ ሰናር ላይ ተማርካ በብዙ ወርቅ ተዋጀች። በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ቤት ወጣች፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ያዛት። ኋላ በጨረታ ተሸጣ ፖርቹጋል ገባች። እኔ ያየሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፏን ነው። ፎቶግራፉን አንድ ደንበኛ ፍሬም አድርግልኝ ብሎ አምጥቶት ለሁለት ሳምንት ሱቄ ተቀምጧል። ቀና እስኪል ስጠብቀው ሥራ ፈታሁ። ፊቱ ቆሞ መማል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የቤት ሥዕልም አለ። እሱን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ለትምህርት ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ስገባ የተኛሁት ሥዕለ ማርያም ባለበት ክፍል ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ አቡጀዲ ላይ የተሣለች፣ ልጇን ታቅፋ። ፊቷ ያዘነ ነው። እናቴ «የሚመጣውን አይታ ነው» ትል ነበር። ሥዕሏ በመጋረጃ ትሸፈናለች፤ ቀይ ጨርቅ፣ በክር ላይ የሚንሸራተት። አክስቴ የምትገልጠው ስትጸልይ ነው። እኔ ደግሞ መጋረጃው ሲዘጋ ነበር የምፈራው። ሌሊት ነፋስ ጫፉን ያነሳዋል። ከስሩ የጣቷ ጫፍ ይታየኛል። አክስቴ ይህንን ታውቃለች መሰለኝ፣ ስኳር የሰረቀ ሰው ሲጠፋ ዱላ አታነሳም ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ወጥ ቤት ትገባለች። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሌባው ራሱ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

ሱቄ ውስጥ ግን የሚበዙት የሞቱ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ነው የሚሆነው። አባት ይሞታል። ቤተሰቡ ፎቶ ይፈልጋል። ያላቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ጉርድ። እሷን ለሠዓሊ ይሰጣሉ፤ ሠዓሊው አሳድጎ ይሥለዋል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ጋቢ ለብሶ የኖረ ገበሬ ነው። ልጆቹ «ሱፍ አልብስልን» ይላሉ። ክራቫት ይጨመራል። እና ሳሎን ላይ፣ ከበሩ ትይዩ ይሰቀላል።

ከሦስት ወር በኋላ ይመልሱታል። «ያፈጥብናል» ይላሉ። «አባባ እንዲህ አልነበረም። አሁን የተቆጣ ይመስላል።» ልክ ናቸው። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ቤት ገብቷል። ፎቶ አንሺው «እንዳትነቃነቅ፣ ዓይንህን እንዳትጨፍን» ብሎታል። ትንፋሹን ይዞ አፈጠጠ። ያ የአንድ ሴኮንድ ድንጋጤ በዘይት ቀለም ተሥሎ፣ በክራቫት ታጅቦ፣ ለዘለዓለም ሳሎን ላይ ተቀመጠ። ልጆቹን የሚያያቸው በቁጣ አይደለም። ካሜራ ነው የፈራው።

አንዲት ሴት የእናቷን ሥዕል አምጥታ «ዓይኗን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ብላኛለች። ፍሬም ሠሪ እንጂ ሠዓሊ አይደለሁም አልኳት። ታዲያ ፍሬሙን ዝቅ አድርገህ ሥራው አለችኝ። እንዴት እንደሚሆን ሳይገባኝ እሺ አልኩ። በኋላ ከላይ በኩል ሰፋ ያለ ካርቶን አስገባሁበት፤ ፊቱ ወደ ታች ወረደ። ቤቷ ሄዳ ሰቀለችው። ደውላ «አሁን የምታየው ሶፋውን ነው» አለች። ተስማማን። ግን ሶፋው ላይ ማንም አይቀመጥም አሉ።

የመጨረሻው እራት ምንጣፍ ግን አያስፈራም። ይሄኔ ያላችሁበት ቤት ውስጥ አንድ አለ። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው፤ ዋናው ሚላን ከተማ ግድግዳ ላይ ያለው። አሥራ ሦስቱም ለፎቶ እንደተጠሩ በአንድ ወገን ተደርድረው ተቀምጠዋል። ደንበኞቼን ይሁዳ የቱ ነው ስላቸው ይፈልጋሉ። የገንዘብ ከረጢቷን እስካሳያቸው ድረስ ብዙዎቹ የሚጠቁሙት ሌላ ሰው ነው። አንዷ ጴጥሮስን ጠቁማለች። የእኛ ሥዕል ይህንን ሥራ በአንድ ዓይን ጨርሶታል። ይሄ ለጉራ አይደለም፤ የፈረንጁ ሥዕል ሌላ ሥራ ነው ያለው። ብቻ ምንጣፉ ላይ ማንም ተመልካቹን አያይም። እኔን ጨምሮ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር ልግባ። እህቴ የጠየቁት ነገር እኮ ተደርጓል። እኔ ራሴ ተካፍዬበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠራም። የሕንጻ ኮሚቴው ሰዎች ሱቄ መጡ። የመቅደሱ ሥዕሎች አርጅተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ምእመኑ በተለይ ወጣቱ አልወደዳቸውም፣ የታተሙ አዳዲስ ሥዕሎች ገዝተናል፣ ፍሬም አድርግልን አሉ። ትልቅ ሥራ ነበር። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሥዕሎቹ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ጌታችን ዓይኑ ሰማያዊ፣ ጸጉሩ የታጠበ። መላእክቱ ጥርስ ሳሙና የሚያስተዋውቁ ይመስላሉ። ኮምፔንሳቶ ከኋላ፣ መስታወት ከፊት፣ ወርቃማ ጠርዝ። ሰቀልኳቸው። ሰው እልል አለ።

ወርጄ እጄን ስታጠብ «አሮጌዎቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዕቃ ቤት ናቸው አሉ። ዕቃ ቤት ጠባቂው ከፈተልኝ። የድሮ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አይደለም የሚሥሉት፤ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥሉና ጨርቁ ጭቃው ላይ ይለጠፋል። እነዚህን ጨርቁን ከግድግዳው ገፍፈው፣ እንደ አንሶላ አጣጥፈው፣ ጆንያ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ጣሪያው ያፈሳል። አንዱን ገለጥኩት። በእጥፋቱ መስመር ላይ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ረግፏል። ከአንድ መልአክ ፊት የቀረው የግራ ዓይኑ ነው። ከጆንያው ሥር ያየኛል። ሰይጣኑንም አገኘሁት፤ የሱን ፊት ግን ያጠፋው እጥፋቱ አይደለም፣ ምእመኑ ራሱ ድሮ በጥፍርና በምስማር ፍቆታል። አየህ፣ አያቶቻችንም ፈርተዋል። ግን ጨርቁን ገፍፈው አልጣሉትም። በምስማር ተጣሉት።

በ1932 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ጎንደር መጥተው ነበር፤ ማርሴል ግሪዮል የመራው የጥናት ቡድን። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስተው ወሰዱ። ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ያንን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ነገር ግን አንድ ነገር አደረጉ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባለው ሠዓሊያቸው በየቦታው ቅጂ እየሣለ ተካበት። ወሳጆቹ እንኳ የሰው እጅ የነካው ሥዕል ትተው ሄዱ። እኔ የተካሁት በፖስተር ነው። ያውም አስከፍዬ።

የኮሚቴው ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማሳመር ነው የደከሙት። ስለ ጨርቁ ስነግራቸው ደነገጡ፤ «ማን ነገረን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለሚያነብ የኮሚቴ አባል ሁሉ የማውቀውን ልንገር። የተሣለ ጨርቅ አይታጠፍም። ይጠቀለላል፤ ቀለሙ ወደ ውጭ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ፣ መሀሉ በንጹሕ ጨርቅ ተለይቶ። በኦሞ አይታጠብም፤ በሎሚም አይጠረግም፤ በርጥብ ጨርቅም ቢሆን አትንኩት። «እናድሰው» ብሎ የዘይት ቀለም ከላይ የሚቀባ ሰው ከመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት። ሥዕሉ የጠቆረው አብዛኛውን ጊዜ በጧፍና በዕጣን ጢስ ነው፤ ከጢሱ ሥር ቀለሙ አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጣሪያውን አስጠግኑ። ባለሙያ ይጠራ። እኔን አትጥሩኝ፤ እኔ ጥፋቴን ነግሬያችኋለሁ።

ለእናትየውም አንድ ነገር። ሱቄ ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ የሚያግዘኝ የጎረቤት ልጅ አለ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አመጡ። አሮጌ ነው፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። ታውቋቸዋላችሁ፤ ሰውነታቸው በሙሉ ጸጉር የለበሰ፣ በግራና በቀኝ አንበሳና ነብር። እና ወፏ። ወፏ መንቁሯን ዓይናቸው ውስጥ አስገብታለች።

ልጁ ኮላውን ይዞ ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዓይኑን እየበላችው ነው?»

እናቴ የነገረችኝን ነገርኩት። ወፏ ተጠምታ ነው፤ ጻድቁ ስለ ሰው ሲያለቅሱ እንባቸውን እየጠጣች ነው አልኩት። አንድ መምህር የነገሩኝንም ነገርኩት፤ እሳቸው ደግሞ ቁራ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ዓይናቸውን ሊያጠፋ የመጣ ነው ብለውኛል። ሁለቱንም አስቦ አስቦ ሥዕሉን በጣም ቀርቦ አየው። ጻድቁ በሁለት ዓይናቸው ያዩታል።

«ታዲያ ለምን ዓይኑን አይጨፍንም?» አለኝ።

መልስ አላገኘሁም። መስታወቱን እንዲያቀብለኝ ነገርኩት።

ፍሬም ሠሪው
ከአዲስ አበባ